ትኋኑ የማን ነው?

አንዲት ባልቴት ለልጇ ምጥ ልትደርስላት አውሮፕላን ተሳፈረች። ወንበሯ ላይ ከተደላደለች በኋላ ዘወር ብትል ከጎኗ የተቀመጡት የአውራጃዋ አስተዳዳሪ አቶ ግዛቸው ናቸው፤ ክው አለች። እኚህ ሰው ዛሬ ለመንገድ፣ ነገ ለድግስ እያሉ አገሬውን በመዋጮ ያራቆቱ ናቸው።

አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አስተዳዳሪው አንገታቸውን ቢያኩ አንድ ወፍራም ትኋን እጃቸው ላይ ወጣ። ዘለው ተነሡና፣

«ከዚች ሴትዮ ነው የመጣብኝ! አሁኑኑ ትውረድልኝ!» ብለው ጮኹ።

አስተናጋጇ ግራ ገብቷት፣ «እማማ፣ እውነት ትኋኑ ከእርስዎ ነው?» አለቻት።

ባልቴቷ ከወረደች ልጇ ብቻዋን መውለዷ ነው። ሆኖም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ረጋ ብላ መለሰች።

«መቼም አይካድም ልጄ፣ ከእኔ ሳይሆን አይቀርም። ግን አልፈርድበትም። እኔ ላይ ቢፈልግ ቢፈልግ ጠብታ ደም አጣ፤ ቢጨንቀው ደሜ ወደሄደበት ተከትሎ ሄደ።»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። አስተዳዳሪው ፊታቸው በርበሬ መስሎ ቁጭ አሉ፤ አስተናጋጇም ሳቋን አፍና የባልቴቷን ቀበቶ አጠበቀችላት።