ጨው አውጪዎቹ

ግዛታችን በጨው ሜዳ መካከል ያለች አረንጓዴ ክብ ነበረች። ዙሪያዋን ሁለት ረድፍ ቅንጭብ ጀርባ ለጀርባ ተያይዞ አጥሯታል። አጥሩ ሕይወት ነበረው፤ ሲገፉት ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ነፋስና ዝንብ ማንንም ሳይጠይቁ ያልፉበታል። ጥንቸሎችም የሚሾልኩበት ቀዳዳ አያጡም፤ ሣሩ ጨው ጨው ሲል ይገባሉ፣ ጣዕሙ ሲቀንስ ይወጣሉ። አዋጅም ዘበኛም አያውቁም። ትልልቆቹ ግን የሚያልፉት በበሩ ብቻ ነው። በረኛው ጃርት የመጣውን ሁሉ አገላብጦ ያይና ለበሩ ልክ የሆነውን ያስገባል። አንድ ቀን ንጉሣችን አንበሳ ጎፈራቸውን ነስንሰው ቢመጡ፣ «ይሰብስቡልኝና ይግቡ» ብሎ ፀሐይ ላይ አቁሟቸዋል።

እኔ ሚዳቋ ነኝ። ኤሊ ዘንድ ተምሬአለሁ። ሆኖም ሸንጎ ላይ ስሜ ሲጠራ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ለዚህ ነው ይህን ነገር ስንት ዘመን በሆዴ ይዤው የኖርኩት።

ነገሩ የጨው ነው። ጨው በሚገባው ሁሉ ሰኮና ላይ ተለጥፎ ይገባል፤ የሚገፋው አያስፈልገውም። ማውጣቱ ግን ዳገት ነው። ዳገቱን የሚወጡት ከርከሮዎች ነበሩ። ማለዳ ማለዳ ሦስት ቁና ጨው ተሸክመው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ለሣሩ ሥር የሚሆን ሁለት ቁና አመድ ይዘው ይገባሉ። ለድካማቸው ከጎተራ እህል ይሰፈርላቸዋል።

ይህ የጎተራውን ሹም አያ ጅቦን እንቅልፍ ነሳው። በሸንጎ ተነሥቶ፣

«ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህ ከርከሮዎች እህላችንን እየበሉ ጨዋችንን ያወጣሉ። ጠላት እንኳ እንዲህ ሲያደርግ ትንሽ ያፍራል!» አለ።

ሸንጎው ሳቀ። ንጉሡ ግን አልሳቁም። «ጨው ሀብት አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ነው እንጂ! ያውም በራሱ እግር የሚገባ ሀብት!»

የተሸካሚዎቹ አለቃ እትዬ ከርከሮ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ጨው ሲበዛ ጥንቸል ይበዛል፤ ጥንቸል ሲበዛ ደግሞ አጥሩ...»

«እትዬ፣ ሆድሽ ነው የሚናገረው» አላት አያ ጅቦ። በዚሁ ሸንጎው ተበተነ፤ ጨው ማውጣት በንጉሥ ትእዛዝ ተከለከለ፣ የከርከሮዎቹም ቀለብ ተቋረጠ። እህል የማይበላው አያ ጅቦ በዚያ ሰሞን እንዴት እንደወፈረ እስካሁን አልገባኝም።

ቤቴ አጥሩን ተደግፎ የተሠራ ነበር። አጥሩ ሲወጠር መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ። በማግስቱ እትዬ ከርከሮ ዘንድ ሄጄ፣ «የኔን ድርሻ እህል ውሰዱና ጨዉን በድብቅ እናውጣ። እኔም እሸከማለሁ» አልኳት።

«አንቺ? በዚህ በስንደዶ እግርሽ?»

«ተምሬአለሁ» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እስክትንፈራፈር ሳቀችብኝ፤ ግን እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ቁናችንን ተሸክመን እንወጣ ጀመር። ጃርት እኛ ስናልፍ ጀርባውን እያከከ ፊቱን ያዞራል። እኔ ከሳሁ። አጥሩ ግን ደህና ነበር።

ጣጣውን ያመጣው የአጥሩ ደህንነት ነው። አያ ጅቦ እንደገና ሸንጎ ጠራ። «አያችሁ? ከርከሮዎቹ ሥራ ከፈቱ ስንት ጊዜያቸው፤ አጥራችን ግን ያው ነው። ድሮም ሥራቸው ለከንቱ ነበር። ሥራ ፈት ደግሞ ምን ያደርግልናል? ከግዛቱ ይውጡ!»

እትዬ ከርከሮ አየችኝ። ዝም ብል ሊባረሩ ነው፣ አጥሩም ያለ እነሱ አይከርምም። ብናገር ሁላችንም የንጉሥ ትእዛዝ የጣስን ወንጀለኞች ነን። ተነሣሁ።

«አጥሩ ደህና የሆነው ጨዉን ማውጣት ስላልተውን ነው» አልኩ።

«ምን አለች?» አሉ ንጉሡ።

«ጮክ በይ እንጂ እመቤት!» አለ አያ ጅቦ።

ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሙኝ፤ ያኔ ግን ሁሉም ሰምቶ ነበር፣ ሲያፌዙብኝ ነው።

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ሰማችሁ ወገኖቼ? ሀብታችን በስውር ሲዘረፍ ኖሯል! ይህ ሁሉ ጨው ቢጠራቀም ኖሮ ዛሬ የት በደረስን!»

ንጉሡ ረጅም ጊዜ አሰቡ። «እሷ አንድ ትላለች፣ አንተ ሌላ ትላለህ» አሉ በመጨረሻ። «ማንም አይቀጣ። ማንም ጨው አያውጣ። ትተነው እንየው።»

ፍርዱ ለሁላችንም ብልህ መሰለን። እኔም ሳልገረፍ በመቅረቴ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ከሁሉ ይበልጥ የማፍረው በዚህ ነው።

ሣሩ ጣፈጠ። ጥንቸሎች ገቡ፤ አልወጡም። ሌሎች ተከተሏቸው። አያ ጅቦ አደባባይ ወጥቶ፣ «ዝናችን እዚህ ደረሰ! ዓለም ወደኛ እየጎረፈ ነው!» ብሎ ከበሮ አስመታ። ሰነበተና ግን መተኛ ቦታ ጠፋ። ንጉሡ በጆሮአቸው ላይ ጥንቸል ተኝቶ ቢያገኙ ጃርትን አስጠሩት።

«ማን አስገባቸው?»

«በኔ በር አንድም አልገባም፣ ጌታዬ። እነሱ በር አይፈልጉም።»

አጥሩ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ቤቴ ተንጋደደ። አንድ ቀትር ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ሁለቱ ረድፍ ቅንጭብ ተተርትሮ በያለበት ተጋደመ። ጥንቸሎቹ ተበተኑ። ሣራችን ከሜዳው፣ የሜዳው ጨው ከሣራችን ተደባለቀ።

ንጉሡ ጎተራውን አስከፈቱ። የተረፈው ጥቂት ነበር። እሱንም በገዛ እጃቸው እትዬ ከርከሮ ፊት አፈሰሱት።

«ይኸው ቀለብሽ። ሁሉንም ውሰጂ። ጨዉን አሁኑኑ ወደ ውጭ አውጡልኝ!»

እትዬ ከርከሮ ቁናዋን ሞላች፣ ተሸከመች። ጥቂት ሄዳ ቆመች። በስተግራ አየች፣ በስተቀኝ አየች።

«ጌታዬ፣ ውጭ በየት በኩል ነው?» አለች።

ንጉሡ ወደ አያ ጅቦ ዞሩ። አያ ጅቦ ወደኔ ዞረ። እትዬ ከርከሮ ጨዉን እንደተሸከመች መልስ ትጠብቅ ነበር።