ከነላስቲኩ የተቀመጠው ማሽን

ቢሾፍቱ የሚኖር አንድ ሰው ሁለት የሣር ማጨጃ ማሽኖች ነበሩት። አንደኛው በቤንዚን ይሠራል፤ ገመዱ ተስቦ ሲነሣ ይጮኻል፣ ጭሱም በመስኮት ይገባል። ሁለተኛው በባትሪ ይሠራል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ጭስ የለውም። የቤንዚኑ በየሁለት ሳምንቱ ግቢውን ያጭዳል። የባትሪው ሳሎን ጥግ ላይ ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ ዳንቴል ለብሷል።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የባትሪውን ለምን ገዛ? እናቱ እማማ የሻረግ አስም ስላለባቸው ነው። ሁለቱን አመዛዘነ፣ ለእናቱ ትንፋሽ ብሎ መረጠ። ምርጫው ትክክል ነበር።

ታዲያ የቤንዚኑ በተነሣ ቁጥር እማማ የሻረግ ጓዳ ገብተው በር ይዘጋሉ። አንድ ቀን እንዲህ አሉት።

«ልጄ፣ ለእኔ የገዛኸው ማሽን ታሞ ነው የተኛው?»

«ኧረ እማዬ፣ አዲስ እኮ ነው! ለፌቨን ሽማግሌ ሲላክ አወጣዋለሁ።» ፌቨን ለጋብቻ የደረሰች ልጁ ናት።

«ሽማግሌዎቹ ሣር ሊግጡ ነው የሚመጡት?»

ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን ሳል አቋረጠው።

ከዓመት በላይ አለፈ፤ ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ሰውየው ባትሪውን ከዋዜማው ጀምሮ ቻርጅ ላይ ሰክቶታል። ጠዋት ማሽኑን አስነሣ። ከበሩ ሦስት ሜትር ያህል ሄዶ ቆመ። ባትሪ ሳይሞላ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ ይሞታል፤ ይህን አላወቀም ነበር።

እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው። ምን አደረገ? የቤንዚኑን አነሣ።

ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሣሩ አምሮ ነበር። ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ምርቃቱንስ ከእማማ አፍ እንስማ፤ የት አሉ?» አሉ።

እማማ የሻረግ ጓዳ ውስጥ ነበሩ፤ የአስም መድኃኒታቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። በሕይወት አሉ፣ ተመስገን። ነገር ግን የልጅ ልጃቸውን ለመመረቅ ይህን ቀን ሲጠብቁ ኖረው፣ ቀኑ ሲደርስ አንድ ቃል መናገር አልቻሉም።

እናንተስ? መርጣችሁ ያስቀመጣችሁት የለም? ለበዓል የቆየ ይቅርታ የለም? ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ለስላሳ ቃል የለም? እንግዳው ሲሄድ ለሚስት፣ ለባል፣ ለልጅ የሚደርሰው ምንድን ነው? ጩኸቱና ጭሱ አይደለም?

«እኔ እኮ ፍቅርን መርጫለሁ» ትላላችሁ። እሺ፣ መርጣችኋል። ዛሬ ጠዋት ግን እጃችሁ ያነሣው የትኛውን ነው? እግዚአብሔር ፍቅርን የሰጠን ለሳሎን ጌጥ ነው? ያልተሠራበት ፍቅር በፈለጋችሁት ቀን የሚነሣ ይመስላችኋል?

ሰውየው አዲስ ባትሪ ገዛ፤ ዳንቴሉንም አነሣ። ባለፈው ቅዳሜ ሣሩን ሲያጭድ እማማ የሻረግ ወንበር አስወጥተው ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከወንበራቸው እስከ ማሽኑ ሁለት ሜትር አይሞላም።