«ንግግር» የሚለው ቁልፍ

አንዲት አፈ ጮሌ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቷ አዳራሽ ከየትም ሆኖ በስልክ የሚታዘዝ የመብራት መቆጣጠሪያ ገጠመች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ባንተይርጋ መጡና፣

«‹ንግግር› የሚል ቁልፍ አዘጋጂልኝ። ስትነኪው መብራቱ እኔ ላይ ብቻ ይብራ፤ ሌላው ድቅድቅ ጨለማ ይሁን» አሏት።

«ታዲያ ሰዉን በምን ያዩታል?»

«ሰዉ ነው እኔን የሚያየኝ! ደግሞ ጨረስኩ ብዬ ሳልደውልልሽ አዳራሹን ብታበሪው ትባረሪያለሽ።»

እሷም እንዳሉት አስተካክላ አስቀመጠችው። በስብሰባው ቀን ሰውየው ተናግረው ተናግረው ሲበቃቸው ደወሉላት።

«ጨርሻለሁ፤ አብሪው!»

አዳራሹ ቦግ ሲል ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው።

«ሰው ሁሉ የት ገባ?» ብለው በስልኩ ጮኹ።

«ሁላችንም ሻይ ቤት ነን ጌታዬ» አለች። «ካልቸኮሉ መልሼ ላጨልመውና ይቀጥሉ፤ ሰዉ ገና ሻዩን አልጨረሰም።»