ያልመጡት ልጆች ስም ጥሪ

አንድ ርዕሰ መምህር ነበረ። ፈሪ ሰው ነበረ። ልጄ፣ ያን የምገባ ቅጽ ለጊዜው አጠፍ አድርገሽ አስቀምጪውና የሱን ነገር ስሚኝ፤ «እውነቱን ብጽፍ ምን ይሉኛል?» ላልሽኝ ጥያቄ መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ትምህርት ቤቱ ዝናብ በራቀው ቆላ ውስጥ ነበረ። ሰውዬው በክፋት አይታማም። ልጆቹን ይወዳል፤ ጠመኔ ሲያልቅ ከኪሱ ይገዛል። ነገር ግን አለቃ ይፈራል። ከወረዳ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ሳይከፍተው ያሳድረዋል። ከዚህ ፍርሃቱ የተነሳ ሁለት የስም መጥሪያ መዝገብ ነበረው። አንደኛው እውነተኛው ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን በዚያው አቋረጠ ይላል። ሁለተኛው ለወረዳ የሚታየው ነው፤ በዚያኛው መዝገብ ላይ አንድም ልጅ አይቀርም፣ ጉንፋን እንኳ የሚይዘው የለም። በሁለተኛው መዝገብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ የምስጋና ወረቀት ተሸልሟል። ወረቀቶቹን ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሏቸው ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አይደፍርም።

አንድ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ሽታዬ የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ሰልፉ መሃል ወደቀች። ሮጦ አነሳት። ክብደቷ እጁ ላይ አልተሰማውም፤ ያን ጊዜ ነው የደነገጠው። ከንፈሯ ደርቋል፤ ግማሹ በተከፈተው ዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል። ስኳር በውኃ በጥብጠው በማንኪያ ሲያጠጧት ነቃችና፣ «ጋሼ፣ ነገ በልቼ እመጣለሁ» አለችው፤ እንዳጠፋ ሰው። ሰውዬው ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። ይህቺ ልጅ አንድ ቀን ትወድቅና አትነሳም የሚል ፍርሃት ልቡ ውስጥ ገባ፤ ከገባም በኋላ አልወጣ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባንዲራ ሲሰቀል ሌላው ሰው ባንዲራውን ያያል፤ እሱ የሽታዬን ጉልበት ያያል።

በዚያው ሰሞን መንግሥት በጀት የመደበለት የተማሪዎች ምገባ ወደ ወረዳው እንደሚገባ ተሰማ። የሚፈልግ ትምህርት ቤት ቅጽ ይሞላል፤ ገምጋሚ መጥቶ ያያል፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ችግር የባሰበት ይቀድማል። ወላጆች ተሰብስበው ተስማሙ። ውኃ የሚቀዱ፣ ማገዶ የሚያመጡ፣ በየተራ የሚያበስሉ ተመረጡ፤ ለማብሰያ ቤቱ እንጨትና ቆርቆሮ ተዋጣ። ሰውዬውም ቅጹን መሙላት ጀመረ። «ሳይበሉ የሚመጡ ልጆች ስንት ናቸው?» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ተያዘ። ብዙ ናቸው ብል፣ «እስከ ዛሬ የላክኸው ምን ነበር?» ይሉኛል ብሎ ፈራ። «ጥቂት» ብሎ ጻፈና ላከው።

ገምጋሚው የሚመጣበት ቀን ሲታወቅ መንደሩ በሙሉ ተሸበረ። የኛን ሰው ታውቂው የለም ወይ፤ ለእንግዳ ገመናውን አያሳይም። እናቶቹ ዱቄት እየተካፈሉ ዳቦ ጋገሩ፤ በዚያ ቀን አንድም ልጅ ሳይበላ እንዳይወጣ ተባባሉ፤ የልጆቹን ፊት በቅባት አወዙ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ከሁሉም የባሰውን አደረገ። ዋዜማውን የከሱትንና አቅም ያነሳቸውን ልጆች አንድ በአንድ እየጠራ፣ «ነገ እንግዳ ስላለብን ቤት ዋል፣ ቤት ዋይ» አላቸው።

ሽታዬም ከነሱ አንዷ ነበረች። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችው።

«ምንም» አላት፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

ገምጋሚው በሞተር ብስክሌት መጣ። ረጋ ያለ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነበረ። ገምጋሚው የውኃውን በርሜል አየ፤ የማብሰያ ቤቱን አየ፤ እህል የሚቀመጥበትን ክፍል አየ። አራተኛ ክፍል ገብቶ ልጆቹን፣ «ዛሬ ምን በላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ዳቦ!» አሉት በአንድ ድምፅ። ደስ አለው። «ተመስገን ነው» አለ ወደ ሰውዬው ዞሮ። «ልጆቻችሁ ደህና ናቸው። እንግዲህ ቅር አይበላችሁ፤ ከእናንተ የባሰባቸው አሉ፣ ዘንድሮ ለእነሱ ይሁን።» ይህን ብሎ ለመጻፍ ወረቀቱን አወጣና ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ክፍት ቦታ አግኝቶ ቁጭ አለ።

አጠገቡ ያለችው ልጅ ፈራ ተባ እያለች፣ «ጋሼ፣ እሱ የሽታዬ ቦታ ነው» አለችው።

«ሽታዬ የት ሄዳ ነው?»

ልጅቱ ወደ ርዕሰ መምህሩ ተመለከተች። ክፍሉ በሙሉ ወደሱ ተመለከተ። «ታማ ነው» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሱን ቢል ነገሩ ያልፋል፤ ወረቀቶቹ ግድግዳው ላይ ይቆያሉ፤ ሚስቱና ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ከሰጣቸው ቤት አይወጡም። ሽታዬ ግን ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ሰልፍ ላይ ትወድቃለች። እነዚህ ሁለት ፍርሃቶች ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱት፤ የትኛው እንደሚብስም ያን ጊዜ አወቀ።

ወደ ቢሮው ሄዶ እውነተኛውን መዝገብ ይዞ ተመለሰ። ልጆቹ ፊት ቆሞ ስም መጥራት ጀመረ። የጠራው ግን የመጡትን አልነበረም።

«ሽታዬ» አለ። ዝም። «ዳምጤ» አለ። ዝም። «ውቢት። እንየው። አስናቁ።» አቤት የሚል ጠፋ። እሱ ግን አላቆመም። በዚያ ቀን ቤት ያዋላቸውን ሲጨርስ ባለፈው ዓመት ያቋረጡትን ቀጠለ፤ ከዚያ የካቻምናዎቹን። አርባ ሦስት ስም ጠራ። ገምጋሚው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይህን ቅጹ ላይ ለምን አልጻፉትም?» አለው በመጨረሻ።

«ፈርቼ» አለ ሰውዬው።

ትምህርት ቤቱ ምገባ ውስጥ ገባ። ሰውዬውም የፈራው አልቀረለትም፤ ከርዕሰ መምህርነቱ ተነስቶ እዚያው ተራ አስተማሪ ሆነ፤ ቤቱንም ለቆ መንደር ውስጥ ተከራየ። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱን ልንገርሽ። ገምጋሚው በሄደበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሽታዬን «ነገ ነይ» ሊላት ወደ ቤታቸው ሄደ። እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቤት ትዋል ካሉ በቃ አባረሯት ብዬ» አለችው። «ቤት ውላ ምን ላበላት? ጠዋት በመጣው መኪና ከአንዲት ሴት ጋር ከተማ ለሰው ቤት ሥራ ላክኋት።»

የሴትየዋን ስም እንኳ አታውቀውም ነበር። ሰውዬው እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

የምገባው ቅንጬ መፍላት ሲጀምር ከሄዱት ልጆች ብዙዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። የሁለተኛው አግዳሚ ልጆች እየተጠጋጉ ያችን ቦታ ክፍት ይተዋሉ። ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ ስም ሲጠራ ከሽታዬ ይጀምራል፤ ጠርቶ ትንሽ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም ዛሬ ርዕሰ መምህርት ነሽ፤ ያ ቅጽም አንቺ እጅ ላይ ነው። «ምን ይሉኛል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የሚሉሽን ይሉሻል፤ አይሉሽም ብዬ አልዋሽሽም። አንቺ እንደ ሰውዬው ነሽ፤ ቅጹም ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ ነው። ከቁጥሩ ላይ አንድ ባጎደልሽ ቁጥር አንዷን ልጅ ጠርተሽ «ነገ ቤት ዋይ» ማለትሽ ነው፤ ጠዋት የሚመጣውን መኪና ደግሞ የምታዢው አንቺ አይደለሽም።

በይ፣ ቅጹን ዘርጊው። ቁጥሩ ይቆይሽና መጀመሪያ ስማቸውን ጥሪልኝ።