«አትቀስቅሱት» የሚባለው ኮረብታ

ከጎሽ ወንዝ ማዶ፣ መንገዱ ወደ ቆላው ማቆልቆል ሳይጀምር፣ አናቱ ላይ አንዲት ዘርፋፋ ዋርካ ያለችበት ኮረብታ «አትቀስቅሱት» ይባላል። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ፣ በአገሩ ሁሉ እንደዚያ ኮረብታ ሰው ከእንቅልፉ የሚቀሰቀስበት ስፍራ የለም። ደክሞት በዋርካዋ ጥላ ጋደም ያለ መንገደኛ ዓይኑን ገና ከመክደኑ፣ ከእርሻው የሚመለስ ገበሬ ወይም ውሃ ቀድታ የምታልፍ ሴት ትከሻውን ነቅንቀው «የሚጠብቅህ ሰው አለ ወይ?» ይሉታል። ቄስም ይሁን ዳኛ አይምሩትም። የጭነት መኪና ሾፌሮች በዚህ ነገር ተማረው «እነዚህ ሰዎች በሰው እንቅልፍ ምን አገባቸው?» እያሉ ያማሉ፤ የኮረብታው ሰዎች ሐሜቱን ስለለመዱት ስቀው ያልፉታል። ልማዱ ከመሳፍንቱ ዘመን የመጣ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

በዚያ ዘመን አገሩን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባሉ ኃይለኛ ሰው ነበሩ። የጎረቤታቸውን መኮንን ወግተው፣ ማርከው፣ አምባ ላይ አስረውት ነበር። የዚያ የታሰረው መኮንን አሽከር የነበረ ቢያድጎ የሚባል ፎካሪ ጌታውን የከዳ መስሎ ወደ ደጃዝማቹ ቤት ገባ፤ ድምፁ ያማረ፣ ግጥሙ የሰላ ነበርና ግብር በተበላ ቁጥር እየተጠራ ይፎክር ጀመር። ሲፎክር በእሱና በደጃዝማቹ መካከል በትር ይዞ የሚቆም አንድ አጋፋሪ ነበረ፤ ስሙ እንግዳሸት ነው። የፎካሪ ደም ሲሞቅ እጁ የት እንደሚደርስ አይታወቅምና ይህ የቆየ ሥርዓት ነበር።

የመስቀል ዕለት ግብር ተጥሎ፣ ቢያድጎ እንደ ልማዱ ሰይፉን መዝዞ እየተንጎራደደ ሳለ፣ እንግዳሸትን አንድ ወዳጁ «ከጠዋት ጀምረህ ቆመሃል፣ እስቲ ጉሮሮህን አርጥብ» ብሎ አንድ ቀንድ ጠጅ ዘረጋለት፤ እንግዳሸትም ተቀብሎ ከምሰሶው ሥር ቁጭ አለ። ቀንዱን ሳያጋምስ ደጃዝማቹ ተወጉ። ፎካሪ ሰይፍ መዝዞ ጌታ ፊት ቢዘል ማን ይደነግጣል? አዳራሹ «በለው!» እያለ ያዳንቅ ነበር፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ እንኳ ግማሹ ሰው ያጨበጭብ ነበር ይባላል። ቢያድጎ በመስኮት ዘሎ ወረደ፤ ሲወድቅ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ያም ሆኖ አስቀድሞ ባዘጋጃት በቅሎ አመለጠ።

የደጃዝማቹ ባለቤት ወይዘሮ ትርንጎ ሰው ፊት አላለቀሱም። እንግዳሸትን አስጠርተው «ጌታህን የገደለው መቀመጥህ ነው» አሉት። «እስከ አርባው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ገዳዩን ታመጣልኛለህ። አለዚያ ወንድምህ በፋንታው ይሞታል።» ወዲያውም ጓንጉል የሚባለውን ታናሽ ወንድሙን አስይዘው፣ ከአንድ የደጃዝማቹ ዘመድ ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት አቆራኙት። እንግዳሸት ጓንጉልን እናታቸው ስትሞት ጀምሮ በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ነው፤ ከእሱ በቀር በዚህ ዓለም ዘመድ አልነበረውም። ስለዚህ መሬቱን ስሞ «ገዳዩን ሳልይዝ ብቀመጥ፣ ጎኔንም ባሳርፍ፣ ስሞት ምድር አትቀበለኝ» ብሎ ማለና ጦሩን ይዞ ወጣ።

እንደሚነገረው የቢያድጎን በቅሎ በአራተኛው ቀን ገደል ገብታ ሞታ አገኛት፤ ከዚያ ወዲያ የሚከተለው የአንድ እግር ዱካና የአንድ ምርኩዝ ቀዳዳ ነበር። ዱካው ከድንጋያማ አገር ሲደርስ ይጠፋል፤ እሱም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ወደ ፊት ይሮጣል፣ አንዱን መልካ ፈትሾ ሳይጨርስ ልቡ ወደ ሌላው መልካ ይሸፍታል። እንጀራውን እየሄደ ይበላል፤ እንቅልፍ ሲጥለው ጦሩን ተደግፎ ቆሞ ያሸልባል፤ ጉልበቱ ሲከዳው ይባንንና እንደገና ይነጉዳል። የመሸበት ቤት ሁሉ «ኖር፣ ተቀመጥ» ሲለው እንቢ ስለሚል ሰው ይቀየመው ጀመር፤ እንዲያውም አንዱ ባላገር «ቤቴ ምን ሸተተህ?» ብሎ ደጁን እንደዘጋበት ይነገራል። መሐላውንም የወንድሙንም ነገር ለማንም አልተነፈሰም፤ አፍሮ ነበር። አምስት ቀን ዝናብ ጥሎ ዱካውን ባጠበው ጊዜ ከየሸለቆው የፉከራ ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ ወደ ድምፁ እየሮጠ ሲደርስ እረኛ ወይም ወፍ ይሆንበታል። በቀሚሱ ዘርፍ ላይ ስንት ቀን እንደሄደ የሚቋጥረውን ቋጠሮ በእርምጃው ሁሉ ይደባብስ ነበር፤ ስለ ወንድሙ በጣም ፈርቶ ነበርና።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ዱካው ወደዚህ ኮረብታ አወጣው። ቢያድጎ እግሩ አብጦ፣ ጺሙ አድጎ፣ ዋርካዋን ተደግፎ ተቀምጧል። እመት አንጓች የምትባል የአካባቢው ሴት «የታመመ እንግዳ ነው» ብላ ስሙን ሳትጠይቅ ቂጣና ውሃ ታመጣለት ነበር።

«መጣህ?» አለው ቢያድጎ።

«መጣሁ።»

«አገሩ ስለ እኔ ምን ይላል? ለጌታዬ ያደረግሁትን ይገጥምልኛል?»

«ይረግምሃል» አለው እንግዳሸት።

ቢያድጎ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ ሰይፉንም ወዲያ ወረወረው። በዚያ እግሩ መሄድ ስለማይችል የእመት አንጓች ባል በቅሎ ሊያመጣ ወደ መስኩ ወረደ። ከኮረብታው እስከ ወይዘሮ ትርንጎ ግቢ በበቅሎ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው፤ ስለዚህ ገና ቀን ተርፎት ነበር። እንግዳሸት የኩታውን ጫፍ ከገዳዩ ኩታ ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጠረና፣ በቅሎዋ እስክትመጣ ብሎ ቁጭ አለ። መሐላው ተፈጽሟልና ይህን ማድረጉ ኃጢአት አልነበረም።

በቅሎዋ ረፋዱ ላይ መጣች። እንግዳሸት ግን በተቀመጠበት እንቅልፍ ጥሎት ነበር፤ እመት አንጓች ልትነካው እጇን ስትዘረጋ ቢያድጎ እሷንና ባሏን «አትቀስቅሱት» አላቸው። «ይህን ሁሉ ቀን ከኋላዬ ነበር፤ አንድ ቀን ይተኛ።» እሷም የእንግዳሸትን የተሰነጠቀ እግር አይታ እጇን መለሰች። የጎረቤት ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ሁሉም «የደከመ ሰው አይቀሰቀስም፣ ነውር ነው» ብለው ልጆቻቸውን ዝም አሰኙ፤ ፀሐይዋ ስትዞር ቢያድጎ የገዛ ኩታውን ዘርግቶ አስጠለለው። አንዳንድ ሰዎች ቢያድጎ ይህን ያደረገው አንድ ቀን ዕድሜ ለመግዛት ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የኩታውን ቋጠሮ ፈትቶ በዚያችው በቅሎ መጥፋት ይችል ነበር ብለው ይሟገቱለታል። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

እንግዳሸት የነቃው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ «በቅሎዋ ምነው ዘገየች?» አለ።

«በቅሎዋማ ትናንት መጥታ» አለችው እመት አንጓች፣ እንጀራ እያቀረበችለት። «ደስ ብሎህ ተኛህ፤ እኛም ዝንብ ስንከላከልልህ አደርን።»

እንግዳሸት ቀን የሚቆጥርበትን የቀሚሱን ቋጠሮ ዳሰሰ፤ ከዚያም ወንድሙን እየጠራ ጮኸ። ነገሩን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ቢያድጎ ፊቱ አመድ መስሎ «ወንድም እንዳለህ መች ነገርከኝ?» አለው። በቅሎዋ ላይ አወጡት፤ እንግዳሸት ከጎኑ እየሮጠ ሽቅብ ቁልቁል አሉ፤ በቅሎዋ ስትለግም ቢያድጎ ራሱ፣ ወደ ሞቱ የሚሄደው ሰው፣ ይገርፋት ነበር ይባላል። ገና ሦስት ጋራ ሲቀራቸው ፀሐይ ጠለቀች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከግቢው በታች አንድ ሰው ሲመጣ አዩ። ከጓንጉል ጋር ተቆራኝቶ የነበረው የደጃዝማቹ ዘመድ ነው፤ የሰንሰለቱ ግማሽ ከእጁ ላይ ባዶውን ተንጠልጥሏል። እንግዳሸትን ሲያይ መንገዱን ለቀቀለት።

«እስኪመሽ ድረስ መንገዱን ሲያይ ነበር» አለው። «ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እሱ ብቻ ‹እኔን ብሎ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ይመጣል› ይለኝ ነበር።»

እንግዳሸት ገዳዩን አስረከበ፤ ቢያድጎም በዚያው ቀን በደም ሕግ ሞተ። ወይዘሮ ትርንጎ ለአጋፋሪው መሬት ሊሰጡ ቢያስጠሩት አልተገኘም። ወደ ኮረብታው ተመልሶ ነበር። እመት አንጓች ከሩቅ ስታየው ሊገድላት የመጣ መስሏት ከእግሩ ወደቀች፤ እሱ ግን «ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» ብቻ አላት።

«አሳዘንከኝ» አለችው።

ሊቆጣት ፈለገ፤ የሚቆጣበት ምክንያት አላገኘም። ከዋርካዋ ዝቅ ብሎ ጎጆ ቀለሰና ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። ጥላው ሥር ያረፈ መንገደኛ ባየ ቁጥር እየሄደ መቀስቀስ ጀመረ። መጀመሪያ እብድ ነው አሉት፤ በድንጋይም የፈነከተው ነበር። ውሎ አድሮ ግን አንዱ ለተዝካር፣ ሌላው ለተቀጠረበት ሙግት፣ ሌላው ምጥ ለያዛት ሚስቱ እየነቃ በሰዓቱ ደረሰ፤ የኮረብታው ሰዎችም ሥራውን ከእሱ ተማሩ፤ እሱ ከሞተ በኋላም አልተዉትም።

አንድ ጊዜ ቀስቅሶ የጠየቀው አንድ ሽማግሌ «ኧረ ማንም የሚጠብቀኝ የለም» እንዳለው ይነገራል። እንግዳሸት ያን ጊዜ ያደረገውን እስከ ዛሬ ያደርጉታል። አለ ያለውን መንገደኛ አስነስተው ይሸኙታል። የለም ያለውን ግን «በል ተኛ» ይሉትና፣ ከመካከላቸው አንዱ ሥራውን ትቶ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እስኪነቃ ይጠብቀዋል።