ማን ሰጠህ?

ግባ ሮቤል፣ በሩን ዝጋው፤ ነፋሱ የዘፋኟን ፖስተር እየነጠቀኝ ነው። ያን ፕላስተር አቀብለኝ። እሱን አይደለም፣ ከመስታወቱ ሥር ያለውን። አሁን እዚህ ያዝልኝ፣ አገጯ ጋ። አንድ ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ሳለ ብድግ ብሎ ከግድግዳው ላይ ቀደዳት። ከቀደዳት በኋላ ተመልሶ ተቀመጠና «ጨርስልኝ» አለኝ። ጨረስኩለት። ምን ላድርግ፣ በግማሽ ጭንቅላት አይሄድ።

አንተም እንደሱ እንደተቆጣህባት ፊትህ ይናገራል። ትናንት ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ «ጦርነቱ ይብቃ፣ ልጆቹ ይመለሱ» አለች፤ ዛሬ ሰፈሩ ስሟን ሲጠራ ምራቁን እየተፋ ነው። «ዘፋኝ ስለ ጦርነት ምን አገባት? ዘፈኗን አትዘፍንም?» ነው ጥያቄህ። ወንድምህ ግንባር እንዳለ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ቶንዶሱን አስነሥቼ ዝም ነበር የምለው። ለአንተ ግን እመልስልሃለሁ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ መጽሐፍ አልጠቅስልህም። አትልቀቃት፣ ያዝልኝና ስማ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው አዝማሪነት። በሚኖርበት አገር የታወቀ ደንብ ነበረ። ጠጅ ቤት የተቀመጠ ሰው «ተቀበል» ይላል፣ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜመዋል። ግጥሙ የሰጪው ነው፤ የአዝማሪው ድምፁ ብቻ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በዚያ ይሸነቁጣል፣ ባል ያኮረፈችውን ሚስቱን በዚያ ይለማመጣል። በአዝማሪው የሚቀየም የለም። ነገሩ የነካው ሰው ዞር ዞር ብሎ «ማን ሰጠው?» ይላል፤ ጠቡም ዕርቁም ከሰጪው ጋር ነው። አዝማሪው በዚህ ደንብ ፀጉሩ እስኪሸብት ኖረ። የራስህ ግጥም አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም ራሱን አልጠየቀም።

ጦርነት መጣ። ዘማች የሚሸኝበት ቀን ሲደርስ አንድ ሀብታም ሰው አዝማሪውን በማለዳ ቤቱ አስጠራው። ቁርስ አበላው፣ ግጥሙን በጆሮው ሰጠው። አዝማሪው ገበያው መሐል ቆሞ ያን ግጥም ሲያዜም ሀብታሙ እዚያ አልነበረም፤ «ተቀበል» ያለ ድምፅም አልተሰማም። ግጥሙ ከሰማይ የወረደ ይመስል ነበር። ድምፁ ደግሞ ድምፅ ነው፣ ድንጋይ ያስነሣል። ወጣቱ በቆመበት ደሙ ፈላ። በሬ ሊሸጥ የመጣ አንድ ገበሬ ትልቁን ልጁን እዚያው ለዘማቾቹ ትቶ ባዶ ገመድ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከመመለሱ በፊት እያለቀሰ መጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ለጥፏል። ኮርቶ ነበር። ያን ዕለት «አዝማሪ ስለ ጦርነት ምን ያውቃል?» ያለ ሰው አልተገኘም።

ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ትልቁ ልጅ ወሬው ጠፋ። የሀብታሙ ልጆች ከቤታቸው አልወጡም፤ ሰውም ይህን አላነሣባቸውም።

በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበሬው ትንሹን ልጁን አስከትሎ ጠጅ ቤት ገባ። ልጁ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነው። ሀብታሙ መደቡ ላይ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጦ ኖሮ ልጁን ሲያይ ብርሌውን አስቀመጠና «ተቀበል» አለ።

«ቤት የሚጠብቅ ልጅ ምን ይባላል ስሙ፣
ሲጠሩት ያልወጣ፣ ነጭ ሆነ ወይ ደሙ?»

ቤቱ ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ አባቱ ጠጁ ውስጥ ዝንብ የገባ ይመስል አተኩሮ ብርሌውን አየ። አዝማሪው ደጋኑን ጭራው ላይ አሳረፈ፣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ መልሶ ገጠመው።

«ምነው፣ ስንኙ ከበደህ?» አለ ሀብታሙ።

«አልከበደኝም ጌታዬ።»

«ታዲያ ተቀበላ።»

«አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» አለ አዝማሪው። ከዚያ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳያነሣ ማሲንቆውን መታና ከራሱ አወጣ፦

«ውጣ ውጣ አልነው፣ ወጣላችሁ ልጁ፤
ግባ በሉት አሁን፣ ጨለመ ከደጁ።»

መጀመሪያ ማንም አልተቆጣም። ሰው ሁሉ እንደ ደንቡ ዞር ዞር አለ፤ ሰጪውን ፈለገ። አንዱ ሌላውን አየ፣ ሌላው «እኔ አይደለሁም» ብሎ እጁን አራገበ። ከበርሜሉ ጀርባ ሳይቀር አዩ። ሰጪ ጠፋ።

«ማን ሰጠህ?» አለ ሀብታሙ።

«ማንም።»

«ማንም የሚባል ሰው የለም። አዝማሪ ከራሱ አያወጣም።»

«ዛሬ ከራሴ አወጣሁ ጌታዬ።»

አንተ ብትሆን ታምናለህ ሮቤል? እነሱም አላመኑም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቃል ሲያወጣ ያዩት አፍ የራሱን ቃል ያወጣል ብለው እንዴት ይመኑ። በዚህ ወገን የሰጠው ከሌለ በዚያኛው ወገን፣ ጠላት ካለበት ከወንዙ ማዶ፣ የሰጠው አለ አሉ። ነገሩ ከዚያ በኋላ አፍ ለአፍ ሮጠ። «ከወንዙ ማዶ ማን ሰጠህ?» አለው አንዱ። «በስንት ተገዛህ?» አለው ሌላው። ጠጅ ቀጂዋ እንኳ፣ ትናንት ጮማ ስታጎርሰው የነበረች፣ «አንተ ድምፅህን ነው የወደድንልህ፣ ምክርህን ማን ለመነህ?» አለችው።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የገበሬውን ነው። ገበሬው ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ከወገቡ ሰንጢውን አወጣ። ሰው የሚወጋው መስሎት ሸሸ። እሱ ግን አዝማሪውን አልነካም። የማሲንቆውን ጭራ ቆረጠው።

«ትልቁ ልጄ እዚያ ነው» አለ። «ጨለመ አትበልብኝ። እንዲህ እየተባለ መሆኑን ከሰማ ክንዱ ይዝላል። አልጨለመም።»

ሀብታሙ አጨበጨበለት። ጠጅ አስቀዳለት።

ትንሹ ልጅ ይህን ሁሉ እያየ ነበር። አባቱ «ግባ» የሚለውን ግጥም በሰንጢ ሲቆርጥ አየ፤ አባቱ የሚፈልገው ምን እንደሆነ የገባው መሰለው። በሚቀጥለው ገበያ አባቱን ሳይሰናበት ከዘማቾቹ ጋር ሄደ።

አዝማሪውን ከዚያ ወዲያ ለሠርግም ለክርስትናም የጠራው የለም። ማሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ የሰው ማሳ እያረመ ይበላ ጀመር። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ዛሬስ ማን ሰጠህ?» ይለዋል። መጀመሪያ ስድብ ነበር፣ በኋላ ቀልድ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ መርዶ መጣ። የትልቁ አይደለም፤ የትልቁ እስከ ዛሬም አልተሰማም። የትንሹ ነው። ገበሬው ደጅ ዳስ ተጣለ፣ አገሩ ለለቅሶ ተሰበሰበ። ሀብታሙ ሙክት አስጎትቶ መጣ። አዝማሪውም መጣ፣ ማሲንቆ አልያዘም፣ ከዳሱ ጫፍ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሰው አየውና እርስ በርሱ ተጠቃቀሰ፤ ገበሬው ሲያየው ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ፈራ። ገበሬው አየው። ከሀብታሙ አጠገብ ተነሣ፣ ዳሱን አቋርጦ ሄደና ከጫማዎቹ መሐል አጠገቡ ተቀመጠ። አንድ ነገርም አለው። ምን እንዳለው እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የጠየቅከኝን ልመልስልህ።

አዝማሪው ይቺ ናት፣ ይቺ አገጯን ይዘህልኝ የቆምከው። ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊት ቆማ «ዝመት» ብላ ስትዘፍን ሰፈሩ አብሯት አላዜመም? ታክሲው፣ ጭማቂ ቤቱ፣ ይሄው ስፒከሬ ሳይቀር ሌላ ዘፈን ነበረው? ወንድምህ ሲሄድ መኪናው ላይ የተከፈተው የሷ ነበር። ያኔ ዘፋኝ ስለ ጦርነት ምን አገባት ያለ አልነበረም። የሰው ቃል በአፏ ሲያልፍ ጀግና አልናት፤ የራሷን ስታወጣ ከማን ተቀበለች አልን። እኔ ልክ ናት አልልህም። ዘግይታለች። አዝማሪውም ዘግይቷል፤ ያቺን ስንኝ ትልቁን ልጅ በሸኘበት ቀን ቢያወጣት ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። ለምን ዘገየሽ ብለህ ብትወቅሳት እሰማሃለሁ። ምን አገባት ግን አትበል፤ እኛ ነን ያስገባናት።

ሰንጢውን የያዘውን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ። እሱን አልፈርድበትም። ልጁ እዚያ ያለ ሰው ጨለመ ሲሉት መብራት አያበራም፤ ተናጋሪውን ነው የሚያጠፋው። ለዚህ ነው ፊትህን ሳይ ያልተቆጣሁህ።

አሁን ልቀቃት፣ ይዛለች። ትንሽ ተንጋዳለች፣ ግን ይዛለች።

ገበሬው ያን ቀን ከጫማዎቹ መሐል ተቀምጦ፣ የአዝማሪውን ጉልበት ይዞ፣ እንዲህ ነው ያለው፦

«ወንድሜ፣ ጠጅ ቤት ሁላችንም ማን ሰጠህ ብለን ጮኽንብህ። ትልቁን ልጄን ስትሸኝ ግን ማን ሰጠህ ያለህ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩህም።»