የአንጓች ማጥ

ከአረንዛ ሚካኤል ኮረብታ ግርጌ ከብት ውሃ የሚጠጣበት አንድ ኩሬ አለ፤ ዳር ዳሩ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ፣ እበትና ሽንት የተቦካበት ጥቁር ጭቃ ነው። የአገሩ ሰው «የአንጓች ማጥ» ይለዋል። በሌላ ቀን አላፊ አግዳሚው አፍንጫውን ይዞ፣ ልብሱን ሰብስቦ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ነው የሚያልፈው። በጸሎተ ሐሙስ ግን እግሩን ሊታጠብ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሁሉ፣ ባለ ቆዳ ጫማውም ባለ በረባሶውም፣ ጫማውን አውልቆ እዚያ ማጥ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይገባል። ይህን ያየ እንግዳ ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ሊታጠቡ እየሄዱ መቆሸሽ ምን የሚሉት ነው?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ለጠየቀ ሰው ሽማግሌዎቹ የሚነግሩት እንዲህ ብለው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ገና የሣር ክዳን ሳለ አለቃ ወልደ ኪሮስ የሚባሉ አስተዳዳሪ ነበሩ ይባላል። ድምፃቸው ያማረ፣ ትርጓሜ የጠገቡ፣ ጾም የማይገድፉ፣ ደጃቸው የቆመን ድኃ ባዶ እጁን የማይሸኙ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ አይችሉም፤ ክፉ ሽታ። በተሾሙበት ዓመት በጸሎተ ሐሙስ የአንድ ገበሬ እግር ሲያጥቡ ወደ ላይ ወደ ላይ ብሏቸው፣ አፋቸውን በነጠላ አፍነው በመከራ ጨረሱ። ያስመለሰው ሰው ደግሞ ያን ቀን ቀድሶ መቍረብ አይችልም። ይህ አሳስቧቸው በዓመቱ መላ ዘየዱ። ጌታ ያጠበው ዐሥራ ሁለቱን ነው ብለው ከአጥቢያው ዐሥራ ሁለት ሽማግሌዎች መረጡ፤ እነዚያ ሽማግሌዎችም ረቡዕ ዕለት በአለቃ ጓሮ በኩል እየገቡ፣ ሐሙስ ከመታጠባቸው በፊት አስቀድመው እንዲታጠቡ አደረጉ።

የምታጥባቸው አንጓች ነበረች። አንጓች የአለቃ ቤት ውሃ ቀጂና እህል ፈጪ ናት፤ ባሏ ለሥራ ቆላ ወርዶ የቀረ፣ ጡት የሚጠባ ልጅ በአንቀልባ ያዘለች፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ ልጅ እግር ሴት።

የእነዚያ አዛውንት እግር እግር አይባልም ነበር። ተረከዛቸው እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ የዓመት እበት ገብቶ ደርቋል። የአውራ ጣታቸው ጥፍር እንደ በግ ቀንድ ተጠማዝዟል፤ በጣቶቻቸው መሀል የተጋገረው ነጭ ነገር ሲነኩት እየተላጠ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አንጓች በእንዶድ ስታሽ፣ በሻካራ ድንጋይ ስትፈገፍግ፣ ሽታው ከሞቀው ውሃ ጋር ወደ ፊቷ ይወጣና ሆዷን ያጥወለውላታል። የልጇን ሰገራ በእጇ ስትጠርግ ምንም የማይመስላት ሴት እዚህ በአፏ ነበር የምትተነፍሰው።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዝም ብለው አይታጠቡም።

«አንች፣ ቀስ በይ እንጂ!» ይሏታል ባላምባራስ ፈንታ፣ ከሁሉም ቀልደኛው። «ቆዳዬን ለነገም አስተርፊልኝ። አለቃ ምን ሊያጥቡ ነው?»

«አለቃማ አሪቲ ሲያሸቱ ይውሉ የለም እንዴ!» ይላል ከጎናቸው ያለው፤ አጥባ ስትጨርስ እግራቸውን በአሪቲ ቅጠል ስለምታሽላቸው ነው። ሁሉም ይስቃሉ። አንጓች አትስቅም፤ እጣቢውን ደፍታ የሚቀጥለውን እግር ትቀበላለች።

ከእግሩ ይልቅ የሚቀፋት ግን የማግሥቱ ነገር ነበር። ሐሙስ ከቀትር በኋላ አለቃ በዐውደ ምሕረቱ ላይ ወገባቸውን በፎጣ ታጥቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ ያንን እንደ ሕፃን የነጣ ተረከዝ በጣታቸው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጉታል፤ በወይራና በወይን ቅጠል ውሃ ረጨት ያደርጉበታል። በሴቶቹ በኩል «እንዴት ያለ ትሕትና ነው! እንዲህ ያለ ሊቅ የገበሬ እግር ሥር!» እየተባባሉ በነጠላቸው እንባ የሚጠርጉ አሉ። አንጓች ከኋላቸው ቆማ የራሷ አሪቲ ይሸታታል። እንባቸው እንኳ እጅ እጅ ይላት ነበር።

ያም ሆኖ ዝም ብላ ትኖር ነበር፤ የአባቷ ነገር ባይኖር።

አባቷ ይርዳው ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ለግድግዳው የሚሆነውን ቀይ አፈር ሦስት ዓመት ሙሉ በባዶ እግሩ የረገጠ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግራ እግሩን ዝሆኔ ያዘው። እግሩ አብጦ እንደ ግንድ ሆነ፤ ቆዳው እንደ አሮጌ ቅርፊት ሻከረ፣ በየእጥፋቱ እየፈነዳ እዥ ያንጠባጥባል፣ ዝንብ አይለየውም። ድግስ ቤት ሲሄድ ለብቻው ያስቀምጡታል፤ ለቅዳሴ ሲመጣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ሰው እንዳይወስደው ራሱ አስልቶ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። አንጓች በየቀኑ ታጥብለታለች። ስታጥብለትም፣ የገዛ አባቷን እግር፣ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ ታስራለች።

«በርዶሽ ነው?» አላት አንድ ቀን።

«አዎ፣ አባዬ።»

«አጥብቀሽ እሰሪው ልጄ። እኔንም ይሸተኛል» አላት።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዲህ አላት፤ «ያንን ግድግዳ በዚህ እግር ነው የረገጥኩት። አፈር ሳይበላው አንዴ እንኳ የካህን እጅ ቢነካው።» አንጓች ጨክና ለአለቃ ነገረቻቸው። አለቃ እጃቸውን እያዩ፣ «ዐሥራ ሁለቱ ሞልተዋል እኮ፣ ልጄ» አሏት። በዓመቱ ይርዳው ደም መትፋት ጀመረ። ሌላ ጸሎተ ሐሙስ እንደማያይ እሱም እሷም ያውቁታል፤ አይነጋገሩበትም እንጂ።

በዚያው ሰሞነ ሕማማት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ባላምባራስ ፈንታን ምች መታቸውና ሳይመጡ ቀሩ። አንጓች ዐሥራ አንዱን አጠበች። ሐሙስ ጠዋት አለቃ ጠሯት።

«አንድ ሰው ጎድሎብናል። ፈልገሽ እግሩን አጥበሽ አምጪልኝ።»

«ማንን?»

«ማንንም። ብቻ በደንብ የታጠበ ይሁን።»

አንጓች እንስራዋን እንኳ ሳታነሣ ወደ ቤቷ ሮጠች። የአባቷን እግር በእንዶድ ሦስት ውሃ አጠበችው፤ እጥፋቱን በጣቷ እየከፈተች መግሉን አወጣችው፤ ከነጠላዋ ቀድዳ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። ልጇን አዝላ፣ አባቷን በትከሻዋ ደግፋ ተነሡ። መንገዱ ግን በኩሬው በኩል ነው። ያ ያበጠ እግር በድንጋዩ ላይ አልቆም አለ፤ ይርዳው አዳለጠውና እስከ ጉልበቱ ማጡ ውስጥ ገባ። ጎትታ ስታወጣው ንጹሑ ጨርቅ የለም፤ ጥቁር ጭቃ፣ እበት፣ ከሥሩ የፈነዳው ቁስል ደም። ከላይ የጸሎቱ ዜማ ይሰማል።

«እንመለስ» አላት። «በዚህ እግር ደጁን አልረግጥም።»

አንጓች ወደ ኮረብታው አየች። መልሶ ለማጠብ ጊዜ የለም። እሷም ቢሆን ካሁን አሁን አስመለሰኝ እያለች ነው።

«ማንንም ብለውኛል አባዬ» አለችው። «ና።»

በዐሥራ ሁለተኛው መቀመጫ ላይ አስቀምጣ፣ እግሩን በጋቢው ሸፍና፣ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ሹክሹክታው ተነሣ።

«ምንድን ነው የሚከረፋው?»

«ከአጥሩ ሥር ውሻ ሞቶ ይሆናል።»

«ኧረ ውሻው እዚሁ ከጎኔ ነው የሞተው!» አለ ዐሥራ አንደኛው ሽማግሌ መቀመጫውን እየሳበ።

አለቃ ነጭ ነጩን እግር እየነካኩ መጥተው ከይርዳው ፊት ደረሱ። ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ዝንቡ ግር ብሎ ተነሣ። አለቃ እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ።

«አንተ፣ ማን አምጥቶህ ነው?» አሉት።

ከሴቶቹ መሀል አንጓች ወጣች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ያለቅሳል። እስከዚያ ቀን ድረስ በሰው ፊት ስትናገር የሰማት የለም ይባላል።

«እኔ ነኝ፣ አለቃ።»

«የታጠበ አላልኩሽም?»

«የታጠቡትንማ ትናንት እኔ አጥቤያቸዋለሁ» አለቻቸው። «ለእርስዎ የቀረልዎ ይኼ ብቻ ነው።»

እንደሚነገረው፣ በዚያች ሰዓት ዐሥራ አንድ ነጭ እግር እየተሳበ ጋቢ ሥር ገባ። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶችም እንባቸው ቆመ። አለቃ የመታጠቢያውን ገበታ መሬት ላይ አኖሩ፤ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ሰውን እየገፉ ወጡና ከትልቁ ወይራ ጀርባ ገቡ። ሲያስመልሱ ሁሉም ሰማ። ባዶ ሆድ ነበርና ምንም የሚወጣ ሳይኖር ረጅም ጊዜ አጓሩ ይላሉ።

«ነይ ልጄ፣ እንሂድ» አለ ይርዳው። ለመነሣት ሞከረ፤ እግሩ አልታዘዝ አለው።

አለቃ ይመለሳሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። እሳቸው ግን አፋቸውን በእጀታቸው እየጠረጉ ተመለሱ። የሚያጥቡባትን ዱካ ገፋ አድርገው ከይርዳው እግር በወረደው ጭቃ ላይ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ያ «አንተ» ያለው አፍ፣ «አባቴ፣ ሆዴ ደካማ ነው፤ ይታገሡኝ» አለ።

«አይዞዎት» አላቸው ይርዳው። «እኔንም ይሸተኛል።»

አለቃ አጠቡ። በጣት ጫፍ አይደለም፤ እጥፋቱን እየከፈቱ፣ ጭቃውን ከመግሉ እየለዩ። ሦስት ጊዜ ወደ ላይ አላቸው፤ ሦስት ጊዜ ፊታቸውን ዞር አድርገው ተመለሱ። እንባና ንፍጣቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ ለማየት የሚያስቀይም ነገር ነበር፣ የሚያምር ነገር አልነበረውም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ይርዳው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሲጨርሱ ከጎናቸው የቆመ ዲያቆን እጣቢውን ሊቀበላቸው እጁን ቢዘረጋ፣ «ተው፤ የእኔ ነው» አሉት። ገበታውን ራሳቸው ተሸክመው ሄደው ከወይራው ሥር ካለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ደፉት። አስመልሰው ነበርና ያን ቀን መቅደስ አልገቡም። ሌላ ቄስ ሲቀድስ፣ እሳቸው ከአጥሩ ውጭ፣ ይርዳው በየጊዜው ይቆምባት ከነበረችው ቦታ አብረውት ቆመው አስቀደሱ።

ነገሩን ለማሳመር ብለው የይርዳው እግር በዚያው ዳነ የሚሉ አሉ። የአረንዛ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ወሬ ሲሰማ ምራቁን እንትፍ ይላል። እግሩ አልዳነም። ይርዳው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሞተ፤ ከነሽታው ተቀበረ። የአለቃም ሆድ አልዳነም። በማግሥቱ ዓመት ዐሥራ ሁለቱን መቀመጫ አስነሥተው «የታጠበ እግር እንዳታመጡብኝ» ብለው ዐወጁ፤ ከዚያ በኋላም እስኪሞቱ ድረስ ያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ከወይራው ጀርባ ያስመልሱ ነበር፤ ጸሎተ ሐሙስን ቀድሰው አያውቁም ይባላል። አንጓችም ቢሆን ረቡዕ እግር ማጠቧ ቀረ እንጂ፣ አባቷን እስክትቀብር ድረስ ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ላይ አልፈታችም። ማጡን የረገጡት መጀመሪያ የጎረቤት ሴቶች ናቸው፤ በዓመቱ ከእሷ ጋር ወጥተው፣ ይርዳው ከወደቀበት ቦታ እግራቸውን ነክረው ሄዱ።

ዛሬ የአረንዛ ሚካኤል ክዳን ቆርቆሮ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካልሲ ያደረገ፣ ቤቱ በሽቶ ሳሙና ታጥቦ የመጣ ሰው አይጠፋም፤ ኩሬው ዳር የተቀመጡት ሴቶች ሽታውን ከሩቅ ይለዩታል። «ወንድሜ፣ ተመለስና ርገጥ፤ አለቃን ሥራ አታስፈታቸው» ይሉታል። አዲስ አለቃ ሲሾምም መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ዜማው አይደለም፤ «ሆድዎ እንዴት ነው?» ይሉታል። እግር ሲያጥብ ያጓራ እንደሆነ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ ያደርጋሉ፤ የሚስቅ የለም።

እጥበቱ ሲያልቅ አለቃው ገበታውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ይሄዳል። ከመድፋቱ በፊት ግን በዕድሜ ከሁሉም ከምትበልጠው ሴት ፊት ይቆማል። አሮጊቷ በምርኩዟ ተደግፋ ጎንበስ ትልና ውሃውን ታሸታለች። ሕዝቡ ይጠብቃል። ፊቷ ጭምድድ ይላል።

«ይገማል» ትላለች።

ያን ጊዜ ይደፋዋል።